ስለ አነስተኛና መካከለኛ አምራች ድርጅቶች ችግር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዓለም ባንክ ግምት ከዓለም የንግድ ድርጅቶች 90 በመቶ ያህሉ አነስተኛና መካከለኛ ሲሆኑ፣ ከጠቅላላው የሥራ ዕድል ከግማሽ በላይ የሚሆነውም የሚገኘው ከእነርሱ ነው። በመካከላቸው ያሉት አምራቾች ስለሚገጥማቸው ችግር የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ ከወርክሾፑ እውነታ ይርቃል፤ በዚህ የተነሳም ያለ ቦታው ማሽን ይገዛል፣ ያለ ጊዜው ብድር ይወሰዳል።

«ትዕዛዝ የበዛለት ድርጅት አይከስርም»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ይመስለኛል። አምራቹ ጥሬ ዕቃውን ዛሬ በጥሬ ገንዘብ ገዝቶ፣ ዕቃው በመጋዘን 30 ቀን ቢቆይ፣ ምርቱ 15 ቀን ቢፈጅ፣ ያለቀለት ዕቃ እስኪረከቡት 20 ቀን ቢጠብቅና ገዥው በ60 ቀን ዱቤ ቢወስድ፣ የወጣው ገንዘብ የሚመለሰው ከ125 ቀን በኋላ ነው። አቅራቢው የ30 ቀን ዱቤ ቢሰጥ እንኳ 95 ቀን ይቀራል፤ ደመወዝና ኪራይ ደግሞ ይህን ያህል አይታገሡም። ትዕዛዙ በእጥፍ ሲያድግ በዕቃና በዱቤ የሚታሰረው ገንዘብም በእጥፍ ያድጋል። በሂሳብ መዝገቡ ላይ ትርፍ እያሳየ ለወሩ ደመወዝ የሚጨነቅ ባለቤት ያለው ለዚህ ነው፤ ትልቅ ትዕዛዝ ከመቀበል በፊት ቅድመ ክፍያ መጠየቅም የድክመት ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም።

«ባንክ ያላበደረው ድርጅቱ ስለማያዋጣ ነው»

ባንክ በቅድሚያ የሚያየው መያዣውን ነው። ለአንድ ዓይነት ሥራ ብቻ የተሠራ ማሽን፣ በከፊል ያለቀ ምርትና ያልተሰበሰበ ዱቤ በቀላሉ ስለማይሸጡ ለመያዣነት አይመረጡም፤ ትንሽ ብድር ለማጣራት የሚወጣው ወጪም ለትልቁ ከሚወጣው ብዙም አያንስም። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን በ2017 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ግምት በታዳጊ አገሮች ያሉ ሕጋዊ ጥቃቅን፣ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች በየዓመቱ ያላገኙት ብድር 5.2 ትሪሊዮን ዶላር ይደርሳል። ይህ ሁሉ የማያዋጣ ሥራ ነው ማለት አይቻልም።

«ማሽን ሥራ ከፈታ ኪሳራ ነው»

በሰዓት 100 ቁራጭ የሚያወጣ መቁረጫ፣ 60 የሚጨርስ መበየጃና 80 የሚያስተናግድ ቀለም መቀቢያ ያለውን ወርክሾፕ እንውሰድ። መቁረጫው ያለ ዕረፍት ቢሠራ በስምንት ሰዓት ውስጥ 320 ቁራጭ ከመበየጃው ፊት ይከመራል፤ ከወርክሾፑ የሚወጣው ምርት ግን በሰዓት ከ60 አያልፍም። ክምሩ ገንዘብ የተከፈለበት ብረት ነው፤ መተላለፊያውን ይዘጋል፣ ይዝጋል፣ ስህተትም ይደብቃል። ስለዚህ ሁለተኛ መቁረጫ መግዛት ክምሩን ከማሳደግ በቀር አንድም ተጨማሪ ምርት አያስገኝም፤ ማነቆው መበየጃው በመሆኑ የተሻለው ሠራተኛ፣ የቅድሚያ ጥገናውና መለዋወጫው ወደዚያ መሄድ ይኖርባቸዋል።

«አነስተኛ ትዕዛዝ አያዋጣም»

የማያዋጣው ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው ለመቀየር የሚባክነው ጊዜ ነው። ቶዮታ በ1969 (እ.ኤ.አ.) 1,000 ቶን ጉልበት ባለው አንድ ፕሬስ (ብረትን ተጭኖ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ ሞልዱን (ቅርጽ ማውጫውን) ለመቀየር አራት ሰዓት ይፈጅበት ነበር፤ በኋላ ወደ ሦስት ደቂቃ አወረደው። ዋናው ዘዴ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ሊዘጋጅ የሚችለውን ሁሉ አስቀድሞ ማዘጋጀት ነበር፤ ይህን ለመጀመር መፍቻውንና ቀጣዩን ሞልድ በማሽኑ አጠገብ ማስቀመጥ ይበቃል።

«ጥራት የሚጠበቀው በመጨረሻው ፍተሻ ነው»

አራት የሥራ ደረጃዎች እያንዳንዳቸው 95 በመቶ በትክክል ቢሠሩ፣ ከ100 ምርት እንከን የማይገኝባቸው 81 ያህሉ ብቻ ናቸው። በመጀመሪያው ደረጃ የተበላሸው ቁራጭ ሳይታይ ካለፈ ብየዳና ቀለም ጨምሮበት መጨረሻ ላይ ይጣላል፤ ፈታሹ ያገኘው ጊዜ ጉልበቱም ቀለሙም አብረው ወጥተዋል።