«ቡስተር ድምፅ ማሳደጊያ ነው» እና ከልምምድ ክፍል የማይጠፉ ሌሎች ስህተቶች

ከለቡ እስከ ለገጣፎ፣ ከቡራዩ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ባንድ የሚለማመድበት ክፍል ባለበት ሁሉ ይህ ይደጋገማል። ጊታሪስቱ ቡስተር የሚባለውን፣ የጊታርን ሲግናል የሚያበዛ በእግር የሚረገጥ ትንሽ ሳጥን (ፔዳል) ይገዛል፣ በጊታሩና በአምፑ መሀል ይሰካዋል፣ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ያዞረዋል፣ ድምፁ ሲሰነጠቅ «ፎርጂድ ሸጡልኝ» ብሎ ሻጩን ይረግማል። በማግስቱ ፔዳሉ በግማሽ ዋጋ ቴሌግራም ላይ ይወጣል። አዲሱ ገዢም ያንኑ ይደግማል።

አናሎግ ቡስተር ከፔዳል ሁሉ ቀላሉ ነው። ከፒክአፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጠው የጊታሩ ክፍል፣ የሚመጣውን ደካማ ሲግናል በአንድ ትራንዚስተር ወይም በአንዲት ኦፕአምፕ (የማጉያ ቺፕ) ያበዛዋል፤ ብዙዎቹ ያላቸው ቁልፍም አንድ ብቻ ነው። ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ የተባለው ኩባንያ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ኤልፒቢ-1 ውስጡ አንድ ትራንዚስተር፣ ጥቂት ረዚስተርና ካፓሲተር ነው ያለው፤ ሌላ ምንም የለም። እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ ስለ እሱ የሚወራው ግን ለጉድ ነው።

«ቡስተር ድምፅ ማሳደጊያ ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም»

ሰሚን የሚያሰለቸው ይህኛው ነው። ቡስተር የሚያሳድገው ቮልቴጅ ነው። ያ ቮልቴጅ ወደ ጉልህ ድምፅ ይለወጥ ወይስ ወደ መሰንጠቅ የሚወስነው ከቡስተሩ ቀጥሎ የተሰካው ዕቃ ነው። ይህን ያልያዘ ሰው አሥር ፔዳል ቢደረድርም ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ ያለው አምፕ ንጹሕ ከሆነና አቅም ካልጨረሰ፣ አዎ፣ ድምፁ ይጎላል። ስንት ነው ታዲያ የሚያስፈልገው? 6 ዴሲቤል ሲጨመር ቮልቴጁ እጥፍ ይሆናል፤ ጆሮ ግን «እጥፍ ጎላ» የሚለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲጠጋ ነው። ሶሎ ላይ ከባንዱ ለመውጣት ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ይበቃል። 20 ዴሲቤል ማለት ቮልቴጁን አሥር እጥፍ ማድረግ ነው፤ ያንን የሚጠይቅ ሶሎ እስካሁን አልተመታም።

አምፑ ቀድሞውኑ እየተሰነጠቀ ከሆነ ግን ጣሪያው ላይ ደርሷል። የጨመራችሁት ቮልቴጅ መሄጃ ስለሌለው የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። ድምፁ ይወፍራል፣ ኖታው ይረዝማል፣ በኃይል የመታችሁትና በስሱ የነካችሁት ይቀራረባሉ፤ ድምፁ ግን እምብዛም ከፍ አይልም። «ሶሎ ላይ ረግጬው ኪቦርዱ ዋጠኝ» የሚለው እሮሮ ከዚህ ነው የሚመጣው። ፔዳሉ ሥራውን ሠርቷል፤ የተሰካበት ቦታ ነው ልክ ያልሆነው።

ስለዚህ ቦታ ምረጡ። ድምፅን ሆን ብሎ ከሚሰነጥቀው ከኦቨርድራይቭ ፔዳል በፊት የተሰካ ቡስተር መሰንጠቁን ያበዛል። ከኦቨርድራይቩ በኋላ የተሰካ ቡስተር የተሰነጠቀውን ድምፅ እንዳለ ከፍ ያደርገዋል፣ አምፑ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ። መሰንጠቁ ከአምፑ ከራሱ ጌይን (የገባውን ሲግናል ከሚያበዛው ቁልፍ) የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ጀርባውን እዩት፤ ሴንድና ሪተርን የሚሉ ቀዳዳዎች ካሉት ቡስተሩን በእነሱ መሀል ስትሰኩት ከመሰንጠቂያው በኋላ ይገባል። ከሌሉት፣ ለሶሎ የሚሆን ጭማሪ ከዚያ አምፕ ፊት አትጠብቁ።

ማስተካከሉ እንዲህ ነው። ቡስተሩን አጥፉ። የአምፑን ትሬብል፣ ሚድልና ባስ መሀል ላይ አድርጉ። የጊታሩን ቮልዩምና ቶን 10 ላይ ክፈቱ፣ ስድስቱንም ክር በሙሉ ኃይል ምቱ፣ የአምፑን ጌይን ድምፁ መሻከር እስኪጀምር ጨምሩ፣ ከዚያ በትንሹ መልሱ። አሁን የቡስተሩን ቁልፍ ዝቅተኛው ላይ አድርጋችሁ አብሩት። አንዳንዱ ቡስተር ዝቅተኛው ላይ ዝም ይላል፤ እንደ ኤምኤክስአር ማይክሮ አምፕ ያለው ደግሞ ዝቅተኛው ላይም ሲግናሉን እንዳለ ያሳልፋል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ወደ ቀጣዩ አትሂዱ። ሲበራና ሲጠፋ እኩል የሚሰማበትን ቦታ አግኙና በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ በኋላ ነው ቀስ እያላችሁ የምትጨምሩት፤ አንዴ በስሱ አንዴ በኃይል እየመታችሁ። በስሱ ሲመታ ንጹሕ፣ በኃይል ሲመታ ሻካራ የሚሆንበት ቦታ ላይ አቁሙ። ብዙ ጊዜ ብዙዎች ከሚያስቡት በጣም ዝቅ ያለ ቦታ ነው።

ከዚህ ወዲያ የምትሠሩት በጊታሩ ቮልዩም ነው። 6 ወይም 7 ላይ ስታወርዱት ሪትሙ ይጠራል፤ 10 ስትከፍቱት ሶሎው ይወጣል። ቮልዩሙ ሲወርድ ድምፁ እየደፈነ የሚያስቸግር ጊታር ካላችሁ፣ በቮልዩም ቁልፉ መግቢያና መውጫ እግር መሀል ከ680 ፒኮፋራድ እስከ 1 ናኖፋራድ ያለ ካፓሲተር አስበይዱ፤ ትሬብሉ ይመለሳል። ማንኛውም የሬዲዮ ጠጋኝ በደቂቃዎች የሚሠራው ነው።

ቡስተሩ ራሱም ጣሪያ አለው። ሃምባከር፣ ማለትም ባለ ሁለት ጥቅል፣ ፒክአፕ በኃይል ሲመታ ለቅጽበት እስከ 1 ቮልት ሊያወጣ ይችላል። በ20 ዴሲቤል ስታበዙት 10 ቮልት ይጠይቃችኋል፤ የሰጣችሁት 9 ቮልት ነው። የቀረው ይቆረጣል። «ክሊን ቡስተር» ተብሎ የተሸጠ ፔዳል እስከ መጨረሻው ሲዞር ክሊን የማይሆነው ለዚህ ነው። 18 ቮልት ስጡት የሚል መካሪም አይጠፋም። ሳጥኑ ላይ ወይም መመሪያው ላይ 18 ቮልት እንደሚቀበል ካልተጻፈ አታድርጉት፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች የ16 ቮልት ከሆኑ ፔዳሉን ታጡታላችሁ።

አንድ ነገር እዚሁ ላይ። የእኛ አጨዋወት በነጠላ ኖታ ዜማ ላይ ስለሚያተኩር ከኦቨርድራይቭ በፊት የገባ ቡስተር ያምርበታል፤ ኖታው ይረዝማል፣ ዜማው አይቆራረጥም። ሁለት ክር አንድ ላይ ስትመቱ ግን ነገሩ ይለወጣል። የተሰነጠቀ ድምፅ ውስጥ ሁለት ኖታዎች ሲገናኙ ያልመታችኋቸው ተጨማሪ ድምፆች ይወለዳሉ። ትዝታና ባቲ ቅኝት ላይ አራተኛና አምስተኛ ርቀት ካላቸው ኖታዎች ጋር ይህ ብዙም አይሰማም። አንቺሆዬ ላይ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ኖታዎች ስላሉ አንድ ላይ ሲጮሁ ይደፈርሳል። አንቺሆዬ ስትገቡ ወይ ቡስተሩን ቀንሱ፣ ወይ አንድ ክር ብቻ ምቱ።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤት ሳያስቀይም የሚለማመድ ሰውም ከዚሁ ይጠቀማል። ማስተር ቮልዩም፣ ማለትም የመጨረሻውን ድምፅ የሚወስን ቁልፍ፣ ያለው አምፕ ከሆነ ጌይኑን ከፍ፣ ማስተሩን ዝቅ አድርጎ ቡስተሩን ከፊት መክፈት ነው፤ መሰንጠቁ በዝቅተኛ ድምፅ ይገኛል። ማስተር የሌለው አምፕ ግን ካልጮኸ አይሰነጠቅም፤ ከፊቱ ኦቨርድራይቭ ፔዳል ያስፈልገዋል።

«ትሬብል ቡስተር ድምፅ ያቀጥናል»

ንጹሕ አምፕ ላይ ከሆነ፣ አዎ፣ ያቀጥናል፤ ለዚያ ግን አልተሠራም። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ የወጣው ሬንጅማስተር የተባለው ትሬብል ቡስተር መግቢያው ላይ 5 ናኖፋራድ የምታህል ትንሽ ካፓሲተር ነበረችው፤ ባሱን የምትቀንሰው እሷ ናት። ባስ ከመሰንጠቂያው በፊት ሲበዛ ድምፁ ጭቃ ይሆናል። ከመሰንጠቂያው በፊት ቀንሳችሁ፣ ከጎደለ፣ በኋላ በአምፑ ባስ ቁልፍ መልሱት። ወፍራም ሆኖ ግን ጥርት ያለ ድምፅ የሚገኘው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። የደፈነ አምፕ ያለው ሰው ከአዲስ አምፕ በፊት ይህን ይሞክር።

«ጀርማኒየም ትራንዚስተር ያለው ይበልጣል»

ይለያል እንጂ አይበልጥም። ጀርማኒየም ሙቀት ሲጨምር ከውስጡ የሚያፈስሰው ከረንት ይጨምራል፣ የሥራ ነጥቡ ይንሸራተታል። ሱሉልታ ጠዋት በብርድ ያስተካከላችሁት ፔዳል ማታ በመድረክ መብራት ሥር ሌላ ድምፅ ቢሰጥ አትገረሙ። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የድሮ ንድፎች ፖዘቲቩን ነው ግራውንድ ያደረጉት፤ ከሌሎች ፔዳሎች ጋር በአንድ አዳፕተር ገመድ ላይ ከተሰኩ ሾርት ያደርጋሉ። ለብቻቸው ባትሪ ስጧቸው። ሲሊከኑ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

«ቡስተሩ ያጉረመርማል»

ቡስተሩ ያገኘውን ነው የሚያበዛው። ማጉረምረሙ ከየት እንደመጣ ለማወቅ የጊታሩን ቮልዩም ዜሮ አድርጉ። ዝም ካለ፣ የገባው በፒክአፕ ነው፦ የፍሎረሰንት መብራት፣ የአምፑ ትራንስፎርመር፣ ያስጠጋችሁት የስልክ ቻርጀር። ዞር በሉ፣ ቦታ ቀይሩ፤ ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል) ፒክአፕ አቅጣጫ ሲቀየር ለውጡ ወዲያው ይሰማል። ቮልዩሙ ዜሮ ሆኖም ካጉረመረመ አዳፕተሩን ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩ። በባትሪ ጸጥ ካለ ጥፋተኛው አዳፕተሩ ነው። በባትሪም ካልጠፋ ወደ ገመዱና ወደ አምፑ ኧርዝ ሂዱ።

ርካሽ አዳፕተር ላይ 9 ቮልት ተብሎ የተጻፈውን አትመኑ፣ በቴስተር ለኩት። ሬጉሌተር (ቮልቴጁን የሚያረጋ ክፍል) የሌለው የትራንስፎርመር አዳፕተር ምንም ሳይጫንበት 12 ወይም 13 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፤ ቡስተር የሚስበው ጥቂት ሚሊአምፒር ብቻ ስለሆነ የሚደርሰውም ወደዚያው የተጠጋ ነው። ማታ ማታ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። በከተማው ዳር ባሉ ሰፈሮች መስመሩ ረጅም ነው፤ ግቢው ውስጥ የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ የሶኬቱ ቮልቴጅ ይወርዳል፤ ሬጉሌተር የሌለው አዳፕተርም አብሮ ይወርዳል። «ማታ ማታ ቡስተሩ ይደክማል» የሚባለው ምጣዱ ነው። 9 ቮልት ሬጉሌትድ፣ የመሰኪያው መሀል ኔጋቲቭ የሆነ አዳፕተር ግዙ። መሀሉ ፖዘቲቭ የሆነውን ብትሰኩ መከላከያ ዳዮድ የሌለው ፔዳል ሊቃጠል ይችላል።

ማጉረምረሙን ለማጥፋት ብሎ የአምፑን የኧርዝ እግር የሚቆርጥ ሰው አለ። ይህ ሞኝነት አይባልም፤ ከዚያ ይብሳል፤ ከኤሌክትሪክ አደጋ የሚጠብቃችሁ ያ እግር ነው። ክሩን ይዛችሁ ማይኩ ከንፈራችሁን ቢነዝር ልምምዱን አቁሙና ኤሌክትሪሻን ጥሩ።

«ትሩ ባይፓስ ካልሆነ ድምፅ ይሰርቃል»

የሚሰርቀው ገመዱ ነው። የጊታር ገመድ በየሜትሩ ወደ 100 ፒኮፋራድ ገደማ ይይዛል፤ 6 ሜትር ወደ ፔዳል፣ 6 ሜትር ወደ አምፕ ብላችሁ ስትዘረጉ 1200 ደረሰ። ትሩ ባይፓስ ፔዳል ሲጠፋ ሲግናሉን ሳይነካ ስለሚያሳልፍ ይህ ሁሉ በቀጥታ ፒክአፑ ላይ ይጫናል፣ ትሬብሉ ይሟሟል። የመግቢያ ኢምፒዳንሱ (ለሚገባው ሲግናል የሚሰጠው ተቃውሞ) 1 ሜጋኦም አካባቢ የሆነ ቡስተር እኩል ላይ አድርጋችሁ ሁልጊዜ ብታበሩት ከእሱ ወደ አምፑ የሚሄደውን ገመድ እሱ ይሸከመዋል። የኤልፒቢ-1 ዓይነት ንድፍ ግን የመግቢያ ኢምፒዳንሱ ዝቅተኛ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ እሱ ራሱ ትሬብል ይበላል።

«ቡስተር ካለ አምፕ አያስፈልግም»

ጊታርን በቀጥታ ሚክሰር ላይ መሰካት በትንንሽ አዳራሾች የተለመደ ነው። ቡስተር እዚያ የኢምፒዳንሱን ችግር ይፈታል፤ የጊታር ስፒከርን ሥራ ግን አይሠራም። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ይቀንሳል፤ የአዳራሹ ስፒከር ሁሉንም ያወጣዋል፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ሲሆን ደግሞ እንደ ንብ መንጋ ይጮሃል። በቀጥታ የምትሰኩ ከሆነ በንጹሕ ድምፅ ተጫወቱ፣ ወይም የጊታር ስፒከርን የሚያስመስል (ካቢኔት ሲሙሌሽን) ያለው መሣሪያ ፈልጉ።

ክራር ላይ ፒዞ፣ ማለትም ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የምትለውጥ ቁራጭ፣ ለጥፎ ለሚጫወት ግን ቡስተር ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። 20 ናኖፋራድ ያላት ፒዞ 10 ኪሎኦም በሆነ የሚክሰር ላይን መግቢያ ላይ ስትሰካ ከ800 ኸርዝ በታች ያለው እየከሳ ይሄዳል፤ ከክራሩ የሚቀረው የመቃ ድምፅ ብቻ ነው። 1 ሜጋኦም መግቢያ ባለው ቡስተር በኩል ስታልፍ ይኸው ወሰን ወደ 8 ኸርዝ ይወርዳል፣ ሙሉ ድምፁ ይመለሳል። ቁልፉን አትንኩት፣ እኩል ላይ ይበቃል።

«ቡስተር ስፒከር ያቃጥላል» በጊታር አምፕ ውስጥ በመደበኛ ድምፅ፣ አያቃጥልም። በአዳራሽ ስፒከር ላይ የሚክሰሩ ቀይ መብራት እየበራ ከተጫወታችሁ ቀድሞ የሚሄደው ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ነው።

«ውድ ባትሪ የተሻለ ድምፅ ይሰጣል» አይሰጥም፤ የሚሰጠው ረጅም ዕድሜ ነው።

«ባትሪ ይጨርሳል» 2 ሚሊአምፒር የሚስብ ቡስተር በደህና የ9 ቮልት አልካላይን ባትሪ ከ200 ሰዓት በላይ ይሠራል። የሚጨርሰው የተረሳ ጃክ ነው። በአብዛኞቹ ፔዳሎች ባትሪውን የሚያገናኘው በእግር የሚረገጠው ማብሪያ ሳይሆን በመግቢያው ቀዳዳ የተሰካው ጃክ ነው፤ መብራቷ ጠፍታም ባትሪው መፍሰሱን አያቆምም። ልምምድ ሲያልቅ በጊታሩ በኩል ያለውን ጫፍ ብቻ ነቅላችሁ አትሂዱ፤ ከፔዳሉ መግቢያ ንቀሉት።