ሬዞናንስ ምንድን ነው? ኃይል አይጨምርም!

«አንቴናው ሬዞናንስ ላይ ስለሆነ ኃይሉን አሥር እጥፍ ያሳድገዋል።» ሰሞኑን ይህን አባባል እንደገና ሰማሁት። በጣም ያንገበግበኛል። ሬዞናንስ ቅንጣት ኃይል አይጨምርም።

ጣና ዳር ባዶ የደንገል ታንኳ ስታገኙ ጠርዙን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ የራሱ ምት አለው። ያንን ምት እየጠበቃችሁ ደጋግማችሁ ጫን ጫን ብታደርጉት፣ በትንሽ ጉልበት ሊገለበጥ ይደርሳል። ምቱን ከሳታችሁ ግን አንዱ ግፊት የሌላውን ያጠፋዋል። ሬዞናንስ ይኸው ነው። ታንኳው የእጃችሁን ጉልበት አጠራቀመ እንጂ የራሱን አልፈጠረም። ውዝዋዜውም ዝም ብሎ አያድግም፤ ውሃው በየምቱ የሚነጥቀው እጃችሁ ከሚሰጠው ጋር ሲተካከል እዚያው ይቆማል።

በሬዲዮ ሰርኪዩት ውስጥ ጉልበቱ በኮይሉ (በጥምጥም ሽቦው) እና በካፓሲተሩ (ቻርጅ በሚያጠራቅመው ዕቃ) መካከል ይመላለሳል። ኮይሉ ሲተልቅ ምቱ ይዘገያል፤ ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ታንኳው እንደሚንቀረፈፈው ማለት ነው። (እርግጥ የከበደ ታንኳ ጠልቆም ስለሚቀመጥ፣ ምሳሌው እዚህ ላይ በልኩ አይገጥምም።)

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ኪው ፋክተሩ (በየምቱ ከሚባክነው ጉልበት አንጻር ምን ያህል እንደሚጠራቀም የሚናገረው ቁጥር) 100 በሆነ ተከታታይ ሰርኪዩት 1 ቮልት ብትሰጡ፣ ካፓሲተሩ ላይ 100 ቮልት ታነባላችሁ። «ይኸው አደገ!» ይባላል። ቮልቴጅ ግን ኃይል አይደለም። እስቲ ያንን 100 ቮልት ሥራ አሠሩት። ጭነት (ኃይል የሚወስድ ዕቃ) ስታገናኙበት ኪው ፋክተሩ ይወርዳል፣ ቮልቴጁም አብሮት።

ወደ አንቴናው ስንመጣ፣ በ100 ሜጋኸርዝ ሞገዱ 3 ሜትር፣ ግማሹ 1.5 ሜትር ነው። የዳይፖሉን (መሃሉ ላይ ኃይል የሚገባበትን ቀጥ ያለ አንቴና) ሽቦ ግን ወደ 1.43 ሜትር አካባቢ እናሳጥረዋለን፤ ወፍራም ቱቦ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በታች። በዚህ ርዝመት የኮይልነቱና የካፓሲተርነቱ ጠባይ ይጣፋሉ። መሃሉ ላይ ወደ 70 ኦም የሚጠጋ ሬዚስታንስ ብቻ ይቀራል፤ ትራንስሚተሩም ኃይሉን ሳይቸገር ያስረክባል። ጥቅሙ ይኼ ነው። ያጊ አንቴና (ብዙ ዘንጎች የተደረደሩበት፣ ጣሪያ ላይ እንደምናየው የቴሌቪዥን አንቴና ያለው) ሲግናል የሚያጠነክረው ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሰበስብ ነው፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ደግሞ ሬዞናንስ ላይ ያልሆነ አንቴናም፣ ማዛመጃ ሰርኪዩት ካገኘ፣ በደንብ ያሰራጫል። «ኤስደብልዩአሩ 1 ለ 1 ነው (ማለትም ከተላከው ኃይል ወደ ትራንስሚተሩ የሚመለስ የለም)፣ አንቴናው አንደኛ ነው» ለሚሉኝም ደሚ ሎድ፣ ማለትም በአንቴና ፈንታ ለሙከራ የሚገናኝ ሬዚስተር፣ አሳያቸዋለሁ። ሚትሩ ላይ 1 ለ 1 ያስነብባል። ኃይሉን ግን ሁሉ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ባሕር ዳር ላይ ብታገናኙት ዘጌ ያለ ሰው ምንም አይሰማም።