ጀስቲስ ሊግ በዲስክ፦ የካርቱን ተከታታዮችና የመሐል አዲስ አበባ ፊልም ማከራያዎች

ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ወረድ ሲልም እስከ ለገሐር፣ ስታዲየምና ሜክሲኮ ባለው የአዲስ አበባ እምብርት፣ ፊልም ማከራየት ከቪዲዮ ካሴት ዘመን ጀምሮ እስከ 2000ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ በየመንገዱ የሚገኝ ንግድ ነበር። ሰዎች ከፍለው ገብተው አግዳሚ ላይ ተደርድረው ከሚያዩበት ቪዲዮ ቤት ይለያል። ከማከራያው ዲስኩን ይዘው ወደ ቤት ይሄዳሉ፣ በማግስቱ ይመልሳሉ፣ ካልመለሱ ይጨምራሉ። እዚህ የሚዳሰሰው የንግዱ አንድ ጥግ ነው፤ የጀግኖች ቡድን የሚታይባቸው የካርቱን ተከታታዮች፣ በተለይ ጀስቲስ ሊግ፣ በዲስክ ሲታዩ እንዴት ይመዘኑ ነበር የሚለው።

ማከራያው አብዛኛውን ጊዜ ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሽፋን ወረቀት ተለጥፏል፤ ዲስኮቹ ግን ከባንኮኒው ጀርባ፣ ቁጥር ተጽፎባቸው በላስቲክ ኪስ ተደርድረዋል። አዲስ ደንበኛ መታወቂያውን ወይም መያዣ ብር ትቶ ስሙን በደብተር ያስመዘግባል፤ የቆየው በፊቱ ይወስዳል። የፊልም ሂስ የሚባለውም እዚያው ባንኮኒው ላይ ነው የሚሠራው። «አሪፍ ነው?» «አሪፍ ነው፣ መጨረሻው ያናድዳል እንጂ።» «ክሊር ነው?» «ክሊር ነው፣ ሁለተኛው ሲዲ ትንሽ ይቆማል።» የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሥራው፣ ሁለተኛው ስለ ቅጂው ነው። ከሁለቱ ደግሞ ደንበኛውን የሚያስወስነው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነበር። አንባቢ ይህን እንደ ድንቁርና እንዳያየው፤ ተከታታይ ፊልም ሲሆን ቅጂውና ሥራው የሚነጣጠሉ ነገሮች አይደሉም። ጀስቲስ ሊግ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ካርቱን በማከራያዎቹ ዘንድ ብዙ ክብር አልነበረውም። «የልጅ ነው» ተብሎ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ የሚከራየውም ቅዳሜ ነው። በቴሌቪዥን በኩል አባባ ተስፋዬ ለአራት አሥርት ዓመታት ልጆችን በተረት ያሳደጉበት ጊዜ ነበር እንጂ የተግባር ካርቱን በብዛት የሚታየው በዲሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው ኤምቢሲ 3ን የመሰሉ የዐረብኛ ጣቢያዎች በየግቢው ሲገቡ፣ የሰፈሩ ልጅ ጦርነቱን በዐይኑ ተከተለ፣ ንግግሩን ግን በግምት አለፈው። ዲስኩን የተለየ ያደረገው ይህ ነው፤ እንግሊዝኛውንና ሰብታይትሉን ይዞ መጣ። ጠቡ ለምን እንደተነሣ የገባቸው ብዙዎች ከዲስክ በኋላ ነው።

ጀስቲስ ሊግ በካርቱን ኔትወርክ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17 ቀን 2001 ነው። ከዋና አዘጋጆቹ አንዱ ብሩስ ቲም ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1992ቱን የባትማን ካርቱን ከሠሩት መሐል የነበረ ሰው። ዱዌይን መክዳፊ ደግሞ ከዋነኞቹ ጸሐፊዎች ይቆጠራል። ቡድኑ ሰባት ነው፦ ሱፐርማን፣ ባትማን፣ ዎንደር ውማን፣ ፍላሽ፣ ግሪን ላንተርን፣ ሃውክገርልና ማርሺያን ማንሃንተር። የባትማን ድምፅ የኬቨን ኮንሮይ ነው፤ ከ1992 ጀምሮ ያው ድምፅ ስለሆነ ቀደምቱን ላየ ሰው የቤተሰብ ያህል የታወቀ ነው። ተከታታዩ በሁለት ሲዝን 52 ክፍል ሄዶ በሜይ 2004 አለቀ፤ በዚያው ዓመት ጀስቲስ ሊግ አንሊሚትድ በሚል ስም፣ በብዙ አዳዲስ ጀግኖች ታጅቦ ቀጠለና በ2006 በ39 ክፍል ተዘጋ።

የዲስኩን ነገር ያከበደው የታሪኩ አከፋፈል ነው። 52ቱ ክፍሎች 52 ታሪክ አይደሉም። በመጀመሪያው ሲዝን 26 ክፍል ውስጥ ያለው 12 ታሪክ ነው፤ መክፈቻውና መዝጊያው ሦስት ሦስት ክፍል፣ የተቀሩት አሥሩ ሁለት ሁለት። ሁለተኛው ሲዝን 13 ታሪክ አለው፤ በአንድ ክፍል የሚያልቀው የገና በዓሉ ታሪክ ብቻ ሲሆን መጨረሻው እንደገና ባለሦስት ነው። አንድ ክፍል ከማስታወቂያ ውጪ ሃያ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር ተመልካቹ የሚይዘው የአርባ አምስት ደቂቃ ፊልም ነው፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ጀግናው ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ «ይቀጥላል» ይባላል።

አሁን ይህን በቪሲዲ፣ ማለትም ቪዲዮ በተቀዳበት ሲዲ፣ ላይ አስቡት። የቪሲዲ አቅም 74 ደቂቃ ነው፣ በረጅሙ 80፤ ሦስት ክፍል ይይዛል። የመክፈቻው ባለሦስት ታሪክ አንዱ ሲዲ ላይ ልክክ ብሎ ይገባል። ሁለተኛው ሲዲ ላይ ግን የሁለተኛው ታሪክ ሁለት ክፍልና የሦስተኛው ታሪክ ግማሽ ይሆናል፤ ሌላው ግማሽ ሦስተኛው ሲዲ ላይ ነው። እሱ ደግሞ ተከራይቷል። ባንኮኒው ላይ «ይጎትታል»፣ «መጨረሻ የለውም» የሚል ሂስ የሚሰማው አንዳንዴ ከዚህ የተነሣ ነው፤ ጥፋቱ የጸሐፊዎቹ ሳይሆን የሲዲው ወሰን ነው።

ዲቪዲ ሲመጣ ነገሩ ተቃለለ። መጀመሪያ የወጡት የተመረጡ ታሪኮች የያዙ ነጠላ ዲስኮች ነበሩ፤ ሙሉ ሲዝኖቹ በሣጥን የወጡት ከ2006 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያው ሲዝን ሣጥን አራት ዲስክ ነው። ከዚያ በኋላ ለመሐል አዲስ አበባ ማከራያ የተመቸው ዲቪክስ የተባለው የቪዲዮ መጨመቂያ ነው፤ ባለ ግማሽ ሰዓት ተከታታይ በ175 ሜጋባይት ገደማ እየተጨመቀ ስለሚሠራጭ፣ 26ቱም ክፍል 4.7 ጊጋባይት የሚይዘው ባዶ ዲቪዲ ላይ ይሰፍራል። አንድ ዲስክ ተከራይቶ አንድ ሲዝን ማየት የተቻለው ያኔ ነው። ማከራያው በአንድ ኪራይ ሲዝኑን ስለሚያስረክብ አልተደሰተም፤ ደንበኛው ግን ታሪኩን በቅደም ተከተል አገኘ።

በኮምፒዩተር የተቀዱት ዲስኮች የራሳቸው በሽታ ነበራቸው። ዋናው ዲቪዲ ሁለት ንብርብር ኖሮት 8.5 ጊጋባይት ድረስ ሲይዝ፣ ባዶው ባለ አንድ ንብርብር ነው፤ ስለዚህ ምስሉ ይጨመቃል፣ ምናሌውና አዘጋጆቹ የሚናገሩበት ተጨማሪ ቀረጻ ይጣላል። ለጸጥተኛ ትዕይንት ይህ ብዙ አይታወቅም። ፍላሽ ሲሮጥ ወይም ከተማ ሲፈነዳ ግን ምስሉ ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይፈርሳል። በጀግኖች ካርቱን ውስጥ ደግሞ የሚፈነዳው ብዙ ነው። ሰብታይትሉም ከምስሉ ጋር የተጣበቀ ቻይንኛ ወይም ዐረብኛ ሆኖ የሚመጣበት ጊዜ ነበር፤ አይጠፋም፣ አይነበብም።

ከውጭ በዘመድ የመጣ ኦሪጅናል ቢሆንም ሌላ ጣጣ አለው። ዲቪዲ ዓለምን በቀጠና ይከፋፍላል፤ አሜሪካ ቀጠና 1፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ 2፣ ኢትዮጵያ ደግሞ 5 ናት። ከዋሽንግተን የተላከ ሣጥን፣ ቀጠና የሚጠብቅ ማጫወቻ ውስጥ ሲገባ «አላነብም» ይላል። መድኃኒቱ ሁሉን የሚያነበው ርካሹ ማጫወቻ ነው፤ ውዱ ያልቻለውን እሱ ያጫውታል። በዚያ ላይ የአሜሪካው የቴሌቪዥን ምስል ሥርዓት ኤንቲኤስሲ፣ የእኛው ፓል ነበር፤ ሁለቱን የማይቀበል አሮጌ ቴሌቪዥን ምስሉን ጥቁርና ነጭ ያደርገዋል።

የምስሉን ስፋት በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የመጀመሪያው ሲዝን ለካሬው ቴሌቪዥን፣ 4 በ3 ተደርጎ የወጣ ነው፤ ሁለተኛው በሰፊው፣ በ16 በ9። ሁለተኛውን ወደ ካሬ ጨምቀው የቀዱ ነበሩ። ሰዉ ሁሉ ይቀጥናል፣ የባትማን ጆሮዎች ጣሪያ ይነካሉ። አሁን በፍላት ቴሌቪዥን ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የመጀመሪያው ሲዝን ተለጥጦ ሱፐርማን ቦርጫም ይሆናል። ጎንና ጎኑ ጥቁር ቢሆን የሚከፋው ሰው ይብዛ እንጂ ትክክለኛው ጥቁሩ ነው።

ሥራው ራሱስ? በእኔ ሚዛን የመጀመሪያው ሲዝን ያላለቀ ነው። መክፈቻው ትልቅ ወረራ ይዞ ይመጣል፣ ቡድኑን ይሰበስባል፣ የቡድኑ የሕዋ ጣቢያም በባትማን ኩባንያ የምርምር በጀት ውስጥ ተደብቆ መሠራቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግሮን ያልፋል፤ ቀልዱ ለአዋቂ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሱፐርማን በየታሪኩ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ይሆናል፤ ጠላቱ ብርቱ መሆኑን ለማሳየት እሱን መምታት ቀላሉ መንገድ ስለሆነ። ይህ ጉድለት በሁለተኛው ሲዝን ታርሟል።

የሁለተኛው ሲዝን ቁንጮ ስለ ሌላ ዓለም የሚያወራው ባለሁለት ክፍል ታሪክ ነው። በዚያ ዓለም ያው ቡድን ሥልጣን ይዞ ሰላም አስፍኗል፤ ሰላሙ ግን በጉልበት ነው። ሁለት ባትማኖች ፊት ለፊት ይከራከራሉ። ያኛው፣ እዚህ ወላጆቹን በጠመንጃ የሚያጣ ልጅ የለም ሲል የእኛው መልስ ያጣል። ቆየት ብለው በመኪና ሲሄዱ፣ ምግብ ቤት ሒሳብ በዛብኝ ብሎ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው በፖሊስ ሲያዝ ያያሉ። የእኛው ባትማን ያኔ ነው ወላጆቹን የሚያነሣው፤ እዚህ ቢኖሩ ደስ ይላቸው ነበር ይለዋል። ክርክሩ የሚያልቀው በዚህች ምፀት ነው። ሰዉ ስለ ፖለቲካ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሚያወራበት ከተማ ይህን ትዕይንት ያየ ሰው የልጅ ነው ብሎ ሊያልፈው አይችልም።

መጨረሻው ባለሦስት ክፍል፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ራሱን ችሎ በዲቪዲም የወጣው፣ ስለ ሃውክገርል ነው። ከጓደኞቿ ጋር ስትዋጋ የኖረችው ለገዛ ሕዝቧ የተላከች ሰላይ ሆና መሆኑ ይገለጣል። ምድርን ለማዳን ስትል ደግሞ ሕዝቧን ትከዳለች፤ ባትማን የሕዋ ጣቢያውን ራሱ እየነዳ በጠላት መሣሪያ ላይ ይጥለዋል። ቡድኑ ስለ እሷ ድምፅ ሲሰጥ ውጤቱን ሳትሰማ ትሄዳለች። ሦስተኛው ክፍል ላይ የሚቆም ዲስክ የደረሰው ተመልካች ከዚህ ሁሉ ከሃዲነቷን ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ስለ ቅጂው መጠየቅ ስለ ሥራው መጠየቅ ነው ያልነውም ለዚህ ነው።

የሰፈር ተመልካች ሌላም ልማድ መተው ነበረበት። በቪዲዮ ቤት ሕግ «አክተር አይሞትም»፤ አክተሩ፣ ዋናው ጀግና ማለት ነው፣ ደግሞ አንድ ነው። ሰባት ሲሆን ማን እንደሆነ አይታወቅም። ብዙው ሱፐርማንን ይጠብቃል፤ ታሪኩን የሚሸከሙት ግን ብዙ ጊዜ ሃውክገርልና ጥቁሩ ግሪን ላንተርን፣ ጆን ስቱዋርት ናቸው። ይህ ገጸ ባሕርይ በመጽሔት የታየው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚህ ካርቱን ያደገ ልጅ ግን ግሪን ላንተርን ሌላ መልክ እንዳለው የሚያውቀው ቆይቶ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ፣ ፀሐይ መማር ትወዳለችን የሠራው ተቋም፣ ጥበብ ገርልስ የተባለ የካርቱን ተከታታይ ሠርቷል፤ ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ታዳጊዎች ያለ ዕድሜ ጋብቻን የመሰሉ ችግሮችን ይጋፈጣሉ። ቡድኑ ትንሽ፣ ጠላቱ ቅርብ ነው። የዕጣን ኮሚክስ የጀግና ታሪክ ጀምበርም በ2018 እ.ኤ.አ. በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጥቷል፣ እሱ ግን በወረቀት ነው።

ስለ ሕጉ ብዙ የሚባል የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል፤ ጩኸቱ ግን በአመዛኙ ስለ ሀገር ውስጥ ሙዚቃና ፊልም ስለነበር የውጭ ዲስክ አከራዩ ብዙም አልተነካም። ማከራያዎቹን የዘጋቸው ፋይል የሚጫንበት ፍላሽ ዲስክ ነው። ደንበኛው ዲስክ መመለስ ሰልችቶት ፊልም ማስጫን ጀመረ፤ መደርደሪያው ተነሥቶ አንድ ኮምፒዩተር ተተካ። ቴሌግራም ደግሞ ማስጫኛውንም አሳሳው። የዶሮ ማነቂያና አካባቢው የፒያሳ ሱቆች በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ ካዛንቺስም በ2017 ዓ.ም. ሲከተል፣ ከማከራያዎቹ አብዛኞቹ ቀድመው ሥራ ለውጠው ነበር።

የቅደም ተከተሉ ችግር ግን በፍላሽም አልቀረም። ብዙ ቴሌቪዥኖች ፋይሎችን የሚደረድሩት በስማቸው ፊደል ነው፤ ክፍል 10 ከክፍል 2 በፊት ይመጣል፣ ባለሁለት ክፍሉ ታሪክም እንደ ቪሲዲው ዘመን ይበታተናል። የሚያውቅ ጫኚ ከ01 ጀምሮ ስማቸውን ለውጦ ይሰጣል፤ ሳይለውጥ የሚሰጥ ካጋጠመ ቤት ከመድረስ በፊት እዚያው ማስቀየር ይሻላል።