ፊልሙ ለምን ጨለመ? የሲኒማ ወዳጆች የማይበርድ ሙግት

ፊልም ወዳጆች የሚነታረኩበት ነገር አያጡም። ታሪኩ አለ፣ ትወናው አለ፣ «መጨረሻውን አበላሹት» አለ። በምስሉ ላይ የሚነሳው ጠብ ግን ለየት ይላል። ፊልሙን የወደደም የጠላም እኩል ይገባበታል። ደጋግሞ የሚመጣውም ክስ አንድ ነው፦ «ኧረ ምንም አይታይም!» አንዱ ሲኒማቶግራፈሩን፣ ማለትም የካሜራውንና የብርሃኑን ኃላፊ፣ ይረግማል። ሌላው «ቲቪህን አስተካክል» ይለዋል። ሦስተኛው «ጥበብ ነው፣ አልገባህም» ብሎ ነገሩን ያባብሰዋል። ሦስቱም ስለ አንድ ፊልም የሚያወሩ ይመስላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዓይናቸው ያየው ምስል ለየቅል ነው።

ለዚህ ሙግት እንደ «ሶሎ» የሚሆን ማሳያ ማግኘት ይከብዳል። በሜይ 2018 የወጣ የስታር ዋርስ ፊልም ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ገና ሲቀረጽ ጀምሮ ወሬ አላጣውም። የጀመሩት ሁለት ዳይሬክተሮች መሃል ላይ ተሰናብተው ሮን ሃዋርድ ተተካ። ካሜራውን የያዘው ደግሞ ብራድፎርድ ያንግ ነበር። ያንግ በ«አራይቫል» ፊልም ለኦስካር በሲኒማቶግራፊ የታጨ የመጀመሪያው አፍሪካዊ አሜሪካዊ ነው። አንዳንዱ የስታር ዋርስ ወዳጅ የለመደው ምስል ቦግ ያለ ነው። ሰማዩ ሰማያዊ፣ አሸዋው ቢጫ፣ ሁሉም ነገር ጥርት ያለ። ያንግ የሰጣቸው ጭቃ፣ ጭስና ጥላ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሃን ሶሎ ከጠጉራሙ ጓደኛው ከችዊ ጋር የሚተዋወቅበት ጉድጓድ በጭቃ የተሞላና ጨለማ ነው። ከቁማርተኛው ላንዶ ጋር ካርታ የሚጫወትበት ቤትም ጭስ ሞልቶታል፤ ብርሃኑም ዝቅ ያለ ነው። ከሰዎቹ ጀርባ ያሉት ፍጥረታት እንደ ጥላ ብቻ ነው የሚታዩት።

ፊልሙ እንደወጣ ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። ደህና ፕሮጀክተር ባለበት አዳራሽ የገቡት «ምን አጨለመው? ውብ ነው» አሉ። ሌሎች፣ እንዲያውም በዚያው ከተማ ሌላ አዳራሽ የገቡ፣ የተዋናዮቹን ፊት መለየት አቅቷቸው ወጡ። ማንም አልዋሸም። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ያስገባው 393 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ለስታር ዋርስ ይሄ ውድቀት ነው። ከዚያ ወዲያ ያንግን የኪሳራው ተጠያቂ ያደረጉትም አልጠፉም። ይሄ እንኳን ግፍ ነው። ብርሃን ስለጠፋ ብቻ ስታር ዋርስ የሚቀር ሰው አላውቅም።

አንድ ፊልም በሁለት አዳራሽ ሁለት ዓይነት የሚሆነው እንዴት ነው? ነገሩ ያለው ፕሮጀክተሩ ክፍል ውስጥ ነው። በዲጂታል ሲኒማ ደንብ መሠረት ነጭ ምስል ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ 14 ፉት ላምበርት ድምቀት ሊኖረው ይገባል። በሌላ መለኪያ በካሬ ሜትር 48 ካንዴላ ማለት ነው። ሲኒማቶግራፈሩና የቀለም ባለሙያው ሥራቸውን የሚጨርሱት በዚህ ልክ በተስተካከለ ክፍል ነው። ከዚያ ፊልሙ ይበተናል። የፕሮጀክተሩ የዜኖን አምፖል እያረጀ ሲሄድ ይደክማል። አምፖሉ ውድ ስለሆነ ባለቤቱ «ትንሽ ይቆይ» ይላል። መስታወቱ አቧራ ይይዛል፣ ስክሪኑ ይቆሽሻል። በመነጽር የሚታየው ስሪዲ (3D) ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ ተጨመረ። ማጣሪያውና መነጽሩ ብርሃኑን ስለሚበሉት ዓይን ጋ የሚደርሰው ከመደበኛው በጣም ያነሰ ነው። በ2011 የቦስተን ግሎብ ጋዜጣ ያወጣው ዘገባ የሚያስቅም የሚያናድድም ነበር፦ አንዳንድ ሲኒማ ቤቶች የስሪዲውን ሌንስ ሳያነሱ ተራ ፊልም ያሳዩ ነበር። ተመልካቹ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ የደበዘዘ ምስል አይቶ ይወጣል። ምን እንደጎደለበት እንኳ አያውቅም።

በቦግታ የተሠራ ኮሜዲ ይህን ሁሉ ይችለዋል። ግማሽ ብርሃኑ ቢጠፋም ሰዎቹ ይታያሉ። ጨለማው ዳር ላይ ተጠንቅቆ የተሠራ ፊልም ግን መላወሻ የለውም። ትንሽ ሲደበዝዝ ገደል ይገባል። ስለዚህ የአዳራሹ ጥፋት ሁሌ የሚለጠፈው ደፋሩ ሲኒማቶግራፈር ላይ ነው።

ሙግቱ በእርግጥ ከዲጂታል በፊት የነበረ ነው። በ1972 «ዘ ጎድፋዘር» ሲወጣ ጎርደን ዊሊስ የሠራው ነገር ብዙ የሙያ ሰዎችን አስደንግጧል። ፊልሙ የሚጀምረው ጥቁር ጨለማ ውስጥ ባለ አንድ ፊት ነው። ቀባሪው ሰውዬ በልጁ ላይ ስለደረሰው በደል እየተናገረ ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይሸሻል። የማፍያው አለቃ ዶን ኮርሊዮኔ (ማርሎን ብራንዶ) ሲታይ ብርሃኑ ከጣሪያ በኩል ይወርዳል፤ የዓይኑ ጉድጓድ ጥላ ሆኖ ይቀራል። የብራንዶን ሜካፕ ለማስማማት የተመረጠ ብርሃን ነው። ግን ከዚያ ያለፈ ሥራ ሠርቷል፦ ሰውዬው ምን እያሰበ እንደሆነ ማንበብ አይቻልም። ውጭ ደግሞ ሠርግ ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ዘፈን ነው። በር ሲከፈትና ሲዘጋ ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው እንሻገራለን። በጊዜው ተዋናይ ዓይኑ ካልታየ ስህተት ነው የሚባል ልማድ ነበር። ፊልሙ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ኦስካር ሲወስድ ዊሊስ በሲኒማቶግራፊ አልታጨም። ለሁለተኛውም ክፍል አልታጨም። ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ የክብር ሽልማት የሰጠው በ2009 ነው። ሌላው ትልቅ ሲኒማቶግራፈር ኮንራድ ሆል ያወጣለት «የጨለማው ልዑል» የሚለው ቅጽልም እስከ ሞቱ አብሮት ኖረ። ዛሬ አንድ ፊልም ጨለመ ሲባል የመጀመሪያው ተከላካይ የሚጠራው ስም ዊሊስ ነው። አንዳንዴ ያለቦታው ይጠራል። ዊሊስ ሲያጨልም ቀጥሎ የሚመጣውን ብርሃን አስቦ ነው፤ እንዲያው ከዳር እስከ ዳር ግራጫ የሆነ ፊልም የእሱ ዘመድ አይደለም።

ሙግቱ ከአዳራሽ ወጥቶ ሳሎን የገባው በቴሌቪዥን ነው። አፕሪል 28 ቀን 2019 የተከታታይ ድራማው የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ስምንተኛ ምዕራፍ ሦስተኛ ክፍል ሲተላለፍ የዓለም ሰው መጋረጃ ሲዘጋ አመሸ። 82 ደቂቃ የሌሊት ጦርነት ነው። ሲኒማቶግራፈሩ ፋቢያን ዋግነር ለትችቱ መልስ ሰጠ፤ ጨለማው የታሰበበት መሆኑን፣ ብዙ ሰው ቲቪውን ማስተካከል እንደማያውቅና የስርጭቱ መጨመቅም ምስሉን እንደጎዳው ተናገረ። ይሄ መልስ ብዙ ሰው አበሳጨ። ክፍያ ከፍሎ የሚያየውን ሰው «ጥፋቱ ያንተ ነው» ማለት መቼም አያዋጣም።

ይሁንና ስለ መጨመቁ የተናገረው እውነት ነው። ቪዲዮ በኢንተርኔት ወይም በሳተላይት ሲላክ እንዲያንስ ይደረጋል። ማሽኑ መጀመሪያ የሚቆርጠው ዓይን ብዙም አይለየውም ብሎ የሚገምተውን ነው። ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጨለማው ቦታ ነው። በጥቁርና በጥቁር መካከል ያሉት ቀጫጭን ደረጃዎች ይጠፋሉ። በቦታቸው አራት ማዕዘን ጡቦችና እንደ ቀለበት የተደረደሩ መስመሮች ይመጣሉ። ሰው «ጨለመ» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህን ነው። ምስሉ ከመጨለሙ ይልቅ ተሰባብሯል።

ያም ሆኖ በዚያ ክፍል ውስጥ ጨለማ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳየ አንድ ትዕይንት አለ። የዶትራኪ ፈረሰኞች ሰይፋቸው በእሳት ተቀጣጥሎ ወደ ጨለማው ይጋልባሉ። እኛ ከሩቅ ሆነን እናያለን። የእሳት ነጥቦቹ ይርቃሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ መጥፋት ይጀምራሉ። ጩኸቱ ይቀንሳል፣ በመጨረሻ ምንም አይቀርም። ሞቱን በቅጡ አላየንም፤ ፍርሃቱ ግን ሆድ ድረስ ይገባል። በየሰፈሩ «ምንም አልታየኝም» ያለ ሰው ይህን ትዕይንት ያስታውሳል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደሚገድል ማወቅ ሲያቅት ነው፤ እዚያ ላይ ወቀሳው ልክ ይመስለኛል።

የሙግቱ ጠለቅ ያለው ክፍል ግን ስለ ፊት ነው። የማን ፊት ነው በደንብ የሚታየው? ምስሉ የሚቀረጽበት የፊልም ጥቅል ራሱ ለሁሉም ቆዳ እኩል አልተሠራም ነበር። የፊልም ጥቅል አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው «ሸርሊ» የሚባል ካርድ ነበረው። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። የእሷ መልክ ደህና ከወጣ ቀለሙ ተስተካክሏል ማለት ነው። ጥቁር ሰውና ነጭ ሰው አንድ ላይ ሲነሱ ጥቁሩ ጥርስና ዓይን ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። የሚገርመው፣ ኮዳክን ቡናማ ቀለም እንዲያሻሽል ከገፉት መካከል ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኛሉ። ምርታቸው በፎቶ ደህና አልወጣም ብለው አመለከቱ። የሰው ፊት ያላስገኘውን ቸኮሌት አስገኘው።

እዚህ ላይ ክሩ ወደ እኛ ይመጣል። የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ ከ1975 ጀምሮ ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አስተምሯል። ብዙዎቻችን በ«ጤዛ» እና በ«ሳንኮፋ» እናውቀዋለን፤ የዲሲ አበሻ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ጆርጂያ ጎዳና ላይ ባለው የመጻሕፍት ቤቱና ካፌው ያውቀዋል። ከእሱ ክፍል ካለፉት አንዱ አርተር ጃፋ ነው። ጃፋ የቀረጸው የጁሊ ዳሽ ፊልም «ዶተርስ ኦፍ ዘ ደስት» በ1991 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል የሲኒማቶግራፊ ሽልማት አግኝቷል። ፊልሙን በኮዳክ ፈንታ በሌላው አምራች በአግፋ ጥቅል ነው የቀረጹት፤ ለጥቁር ቆዳ ይሻላል ብለው። ሌላው የኃይሌ ተማሪ ብራድፎርድ ያንግ ነው። አዎ፣ የ«ሶሎ»ው ያንግ።

ይህን ሲያውቁ የ«ሶሎ» ጨለማ ሌላ መልክ ይይዛል። ያንግ ከዚያ በፊት «ፓራያ» እና «ማዘር ኦፍ ጆርጅ» ላይ በሠራው ሥራ ሰንዳንስ ላይ ተሸልሟል። በእነዚህ ፊልሞች ጥቁር ፊት ላይ መብራት አይደፋም። ብርሃኑ ከጎን፣ ለስለስ ብሎ ይመጣል። ቆዳው ራሱ ብርሃኑን መልሶ ያንጸባርቀዋል። ጥላው እንዳለ ይተዋል። ቤት ውስጥ፣ በመስኮት ብርሃን ብቻ፣ ቡና የምታፈላ ሴት ፊት በአንድ ጎን ሲያበራ ያየ ሰው ይህ ውበት እንግዳ አይሆንበትም። በትንሽ ፊልም ይህ ተደነቀ። በመቶ ሚሊዮኖች በወጣበት ፊልም ሲመጣ «መብራት አብሩልን» ተባለ።

በአማርኛ ፊልሞቻችን ጥላ ብርቅ ነው። ብዙው የከተማ የፍቅር ኮሜዲ ሳሎኑ ከዳር እስከ ዳር ወገግ ያለ ነው፤ ሌሊቱም ቀን ይመስላል። አልፈርድም፤ የቀረጻው ቀን አጭር፣ በጀቱ ጠባብ ነው፣ የአዳራሹም ፕሮጀክተር አያስተማምንም። የተለየ መንገድ የሄዱ ግን አሉ። «ድፍረት» በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ተቀርጿል። የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» ደግሞ ሐረርንና ጫትን በጥቁርና ነጭ ያሳያል። ካሜራውን የያዘችው ራሷ ዳይሬክተሯ ናት። ምስሉ ጭስና ጥላ ነው። ገና ከጅምሩ ተኝቼ ነበር የሚል ሰው አለ፣ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ የሚልም አለ።

ተከራካሪዎች ማስረጃ ሲያመጡ የሚታይ አንድ ዘዴ አለ። ከፊልሙ አንድ ቁራጭ ምስል ይወስዱና ብርሃኑን ከፍ አድርገው «ይኸው፣ እንዲህ መሆን ነበረበት» ይላሉ። ቆሞ የሚታይ ምስልና የሚንቀሳቀስ ምስል አንድ አይደለም። ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ዓይን በጥቂት ደቂቃ ይለምዳል፤ ስልክ ላይ ነጭ ገጽ መካከል የተለጠፈች ቁራጭ ግን ያን ዕድል አታገኝም። ስለዚህ ሁልጊዜ ጥቁር ትመስላለች።

ቲቪ አምራቾቹም በበኩላቸው አንድ ነገር ሞክረዋል። በ2019 «ፊልምሜከር ሞድ» የሚባል ቅንብር ይፋ ሆነ። አንዴ ሲጫን ቲቪው ራሱ የሚጨምረውን ማሳመሪያና እንቅስቃሴን እንደ ተራ የቲቪ ድራማ የሚያለሳልሰውን ነገር ያጠፋል። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን የተሠራው ለጨለማ ክፍል ነው። በቀትር፣ መጋረጃ በሌለው ሳሎን ከበሩት ፊልሙ ጭራሽ ይብሳል።

የእኛ ሰፈር ተመልካች ደግሞ ሌላ ነው። ፊልሙን በፍላሽ ያስጭናል። ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ፊልም ከአንድ ጊጋባይት በታች ሆኖ ይመጣለታል። ላፕቶፑ ላይ ከፍቶ ሲጨልምበት የማጫወቻውን ብርሃን መጠን እስከ ጥግ ይገፋዋል። ያን ጊዜ የሚያገኘው ግራጫ ጉም ነው፤ ጡቦቹም ይበልጥ ፈጠው ይወጣሉ። ፋይሉ ሲጨመቅ የተጣለው ዝርዝር እዚያ የለም፤ ብርሃን ቢጨመር የሚመለስ ነገር የለውም።