ጃክትሪፕ፦ ሙዚቀኞችን በኢንተርኔት የሚያገናኝ ያልተጨመቀ የድምፅ መስመር

ጃክትሪፕ በተለያየ ቦታ ያሉ ሙዚቀኞች ድምፃቸውን በኢንተርኔት እየተለዋወጡ በአንድ ጊዜ እንዲጫወቱና እንዲቀርጹ የሚያስችል ነጻ ሶፍትዌር ነው። የሠሩት ክሪስ ቼፍና ሁዋን ፓብሎ ካሴሬስ ሲሆኑ፣ የተወለደውም ካሊፎርኒያ በሚገኘው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ባለሙያዎች ባጭሩ «ካርማ» በሚሉት የሙዚቃና የአኮስቲክስ የኮምፒውተር ምርምር ማዕከል ውስጥ ነው። ዋና መለያዎቹ ሁለት ናቸው፤ ድምፁን ሳይጨምቅ (የዳታውን መጠን ሳያሳንስ) ይልካል፣ መዘግየቱን የሚወስኑትን መቼቶችም ለተጠቃሚው ክፍት አድርጎ ይተዋል።

መነሻው

የርቀት ቀረጻ ከጃክትሪፕ በፊትም ነበር። በ1990ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአሜሪካና የአውሮፓ ስቱዲዮዎች አይኤስዲኤን በሚባለው ዲጂታል የስልክ መስመር ይገናኙ ነበር። መሠረታዊው መስመር በሰከንድ 64 ኪሎቢት የሚያሳልፉ ሁለት ቻናሎች ብቻ ስላሉት፣ ስቴሪዮ ድምፅ በ128 ኪሎቢት እንዲያልፍ አጥብቆ መጨመቅ ግድ ነበር። ይህ ለማስታወቂያ ንባብና ለፊልም ንግግር ቀረጻ በቂ ነው። ሁለት ተጫዋቾችን በአንድ ምት ለማስኬድ ግን አይሆንም፤ መጭመቁና መፍታቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ይወስዳልና።

ካርማ ውስጥ በ2000 አካባቢ የተጀመረው የሳውንድዋየር ፕሮጀክት ጉዳዩን በሌላ በኩል ያዘው። ተመራማሪዎቹ አጭር የድምፅ ምት ወደ ሩቅ ኮምፒውተር ልከው ተመልሶ ሲመጣ ደግመው ይልኩታል፤ ምልልሱ ሲፈጥን እንደ ተመታ ክር ድምፅ ይሰጣል። የደርሶ መልሱ ጊዜ 10 ሚሊሰከንድ ከሆነ 100 ኸርዝ ይሰማል ማለት ነው። መስመሩ የተረጋጋ ሲሆን ድምፁ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ፓኬቶች (ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክባቸው ትናንሽ ጥቅሎች) ከተዛቡ ይወላገዳል። የኔትወርክ ጥራትን በጆሮ መለካት ያስቻለ ድንቅ ሐሳብ ነበር።

በ2004 ቼፍና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት እስከ ዛሬ የዘርፉ መመሪያ ሆኖ ቆይቷል። ጥንድ ጥንድ ሰዎችን በተለያዩ ክፍሎች አስቀምጠው፣ በመካከላቸው ያለውን መዘግየት እየለዋወጡ እንዲያጨበጭቡ አደረጉ። ምቱ ሳይፈጥንም ሳይዘገይም የቆየው መዘግየቱ 11.5 ሚሊሰከንድ አካባቢ ሲሆን ነው። ከዚያ ሲያንስ ሰዎቹ ይፈጥናሉ፤ ሲበዛ ደግሞ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ምቱ ይጎተታል። አብሮ መጫወት የሚከብድበት ወሰን ከ20 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ነው ይባላል፤ እንደ ሙዚቃው ፍጥነትና እንደ መሣሪያው ዓይነት ግን ይለያያል።

በዚህ መስክ ቀዳሚው ማን ነው የሚለው ያከራክራል። ካናዳ የሚገኘው ማጊል ዩኒቨርሲቲ በ1999 ባለብዙ ቻናል ድምፅ ወደ ኒውዮርክ አስተላልፏል። በሁለት አቅጣጫ አብሮ መጫወትን ግን እንደ ካርማ ለረጅም ዓመታት የተከታተለው ጥቂት ነው። በ2008 ስታንፎርድና ቤጂንግ ያሉ ሙዚቀኞች በአንድ ኮንሰርት ተገናኝተዋል፤ አቀናባሪዋ ፖሊን ኦሊቬሮስም በርቀት ኮንሰርቶቿ ተጠቅማበታለች። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በብዛት የዩኒቨርሲቲዎች መሣሪያ ሆኖ ቆየ።

ድምፁ እንዴት ይጓዛል

ኦዲዮ ኢንተርፌሱ (ማይክን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ) ድምፁን በባፈር በባፈር፣ ማለትም በትናንሽ ቁራጮች፣ ቆርጦ ያቀብላል፤ ጃክትሪፕ እያንዳንዱን ባፈር በአንድ የዩዲፒ ፓኬት አሽጎ ወዲያው ይልካል (ዩዲፒ መድረሱን ሳያረጋግጥ የሚልክ የኢንተርኔት አሠራር ነው)። በ48 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 48000 ሳምፕል ወይም የድምፅ ናሙና) የ128 ሳምፕል ባፈር 2.67 ሚሊሰከንድ ስለሆነ በሰከንድ 375 ፓኬት ይወጣል። ስቴሪዮ በ16 ቢት ሲላክ አንዱ ፓኬት 512 ባይት ድምፅ ይይዛል፤ የጃክትሪፕ፣ የዩዲፒና የአይፒ ራስጌዎች (በፓኬቱ መግቢያ ላይ የሚጻፉ የአድራሻና መሰል መረጃዎች) በድምሩ 44 ባይት ይጨምራሉ። ስለዚህ ለአንድ አቅጣጫ በሰከንድ 1.7 ሜጋቢት ያህል ይበቃል። ባፈሩን ወደ 512 ማሳደግ የሚያረጋጋ ይመስላል፤ ነገር ግን ስቴሪዮው 2048 ባይት ሆኖ ከተለመደው የ1500 ባይት የፓኬት ጣሪያ ስለሚያልፍ ተቆራርጦ ይጓዛል፤ አንዱ ቁራጭ ከጠፋም ሙሉው ይጠፋል።

ብዙ ሰው የመስመሩን ስፋት ይጠራጠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ፓኬቶቹ እኩል ተራርቀው አለመድረሳቸው ነው። የጠፋ ፓኬት ዳግም አይላክም፤ ቢላክም ተራው ካለፈ በኋላ ይደርሳል። ተቀባዩ መዛባቱን ለመቻል ጥቂት ፓኬቶችን ወረፋ ያስይዛል። ነባሪው መቼት 4 ፓኬት ሲሆን፣ በ128 ሳምፕል ይህ 10.7 ሚሊሰከንድ ነው። ወረፋው ሲያጥር መዘግየቱ ይቀንሳል፤ ዘግይቶ የሚቀር ፓኬት ግን ይበዛል።

ፓኬት ሲጎድል ጃክትሪፕ በነባሪው የመጨረሻውን ባፈር ይደግማል። የተራዘመ የድምፃዊ ድምፅ ላይ ይህ የብረት ቃና ያለው ንዝረት ሆኖ ይሰማል። በምትኩ ዝምታ እንዲያስገባ ማዘዝ ይቻላል፤ ያኔ ቀጭ ቀጭ የሚል ክፍተት ይሰማል። መስመሩ ሰፊ ሆኖ ፓኬት የሚጥል ከሆነ፣ እያንዳንዱ ፓኬት የቀደመውን ጭምር ይዞ እንዲሄድ ማድረግ ይረዳል፤ የሚፈጀው ዳታ ግን እጥፍ ይሆናል።

አንድ ከተማ ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች ሒሳብ ይህን ይመስላል፦ ለመግቢያ ባፈር 2.67፣ ለመውጫ ባፈር 2.67፣ ድምፁን ወደ ዲጂታልና መልሰው ለሚለውጡት መቀየሪያዎች 1.5 ያህል፣ ለወረፋው 10.7፣ ለኔትወርኩ 5፤ በድምሩ 22.5 ሚሊሰከንድ። ድምፅ በአየር ላይ በ1 ሚሊሰከንድ 34 ሴንቲሜትር ስለሚሄድ፣ ሁለቱ ተጫዋቾች 7.7 ሜትር ተራርቀው አንድ መድረክ ላይ እንደቆሙ ይቆጠራል።

አዘገጃጀትና የተለመዱ ብልሽቶች

ለሁለት ሰው አንደኛው ሰርቨር (ጥሪ ተቀባይ)፣ ሌላው ደንበኛ (ጠሪ) ሆኖ ይነሳል። ሰርቨሩ ያለበት ቤት ራውተር ላይ የዩዲፒ ፖርት (የመግቢያ በር ቁጥር) 4464 ወደዚያ ኮምፒውተር መመራት አለበት። ከሁለት በላይ ሲሆኑ «ሃብ» የሚባለው አሠራር ይሻላል፤ ሁሉም ከአንድ ማዕከላዊ ሰርቨር ጋር ይገናኛል። ሰርቨሩ ለመተዋወቂያ የቲሲፒ (መድረሱን የሚያረጋግጠው የመላኪያ አሠራር) ፖርት 4464ን፣ ለድምፁ ደግሞ ከ61002 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ የዩዲፒ ፖርት ይፈልጋል። የመጀመሪያው ተከፍቶ ሁለተኛው ከተዘነጋ «ተገናኝቷል» እያለ ድምፅ የማይሰማበት ሁኔታ ይፈጠራል።

ሁለቱም ወገኖች አንድ ዓይነት ሳምፕል ሬት ሊኖራቸው ይገባል፤ 44.1ና 48 ኪሎኸርዝ አይግባቡም። በቆዩት ሥሪቶች የባፈሩ መጠንም መመሳሰል ነበረበት። ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ጋር በኤተርኔት ገመድ ይያያዝ። ዋይፋይ ለፊልም ማያ ቢበቃም ፓኬቶችን አጠራቅሞ በአንዴ የመልቀቅ ጠባይ ስላለው ወረፋውን ያዛባል። ጃክትሪፕ የገደል ማሚቶ ማጥፊያ የለውም፤ ሁሉም ሰው ሄድፎን ያድርግ። አንድ ሰው ብቻ በስፒከር ቢያዳምጥ የሁሉም ድምፅ በእሱ ማይክ ተመልሶ ይመጣል።

መስመሩ ደህና ሆኖ በየደቂቃው ገደማ አንዴ «ጠቅ» የሚል ከሆነ ጥፋቱ የኔትወርኩ አይደለም። ሁለቱ ኢንተርፌሶች የየራሳቸው ጊዜ ቆጣሪ ክሪስታል ስላላቸው አንዱ 48000 የሚለውን ሌላው በትንሽ ልዩነት ይቆጥራል። ልዩነቱ ከሚሊዮን 50 ከሆነ በሰከንድ 2.4 ሳምፕል ይጠራቀማል፤ በ53 ሰከንድ ውስጥ አንድ ሙሉ የ128 ሳምፕል ባፈር ይተርፋል ወይም ይጎድላል።

ከ2020 ወዲህ

ኮሮና የመለማመጃ ክፍሎችን ሲዘጋ ጃክትሪፕ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጣ። በ2020 ለመዘምራንና ለሙዚቃ ቡድኖች የሚሆን ቨርቹዋል ስቱዲዮ ተዘጋጀ፤ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) የማያውቅ ዘማሪም ራስበሪ ፓይ 4 በተሰኘች ትንሽ ኮምፒውተርና በላይዋ በሚገጠም የድምፅ ካርድ መግባት ቻለ። ማዕከላዊው ሰርቨር ለዘማሪዎቹ ቅርብ በሆነ የደመና ማዕከል ይነሳል። በዚያው ጊዜ ጃሙለስ የተባለው ሌላ ነጻ ሶፍትዌርም ብዙ ተጠቃሚ አገኘ። ጃሙለስ ድምፁን ኦፐስ በተባለ የመጭመቂያ ዘዴ ስለሚጨምቅ ለጠባብ መስመር ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ለቀረጻ ግን ያልተጨመቀው ይመረጣል።

ርቀት

በፋይበር ውስጥ ብርሃን 1000 ኪሎሜትር ለመሄድ 5 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። አዲስ አበባና ዋሽንግተን 11500 ኪሎሜትር ያህል ስለሚራራቁ፣ ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ መዘግየቱ በአንድ አቅጣጫ ከ57 ሚሊሰከንድ አያንስም። እውነተኛው መንገድ ደግሞ በጎረቤት አገርና በባሕር ወለል ይዞራል። ዋሽንግተን ያለ ኪቦርዲስት አዲስ አበባ ካለ ማሲንቆ ተጫዋች ጋር በአንድ ምት ሊቀረጽ አይችልም፤ ይህ በመቼት የሚስተካከል ነገር አይደለም። የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ነው፤ አንዱ ወገን ዝግጁውን ትራክ ይልካል፣ ሌላው በላዩ ይጫወታል፣ አዘጋጁም ዘግይቶ እየሰማ ያርማል። አንድ ከተማ ውስጥ ባሉ ስቱዲዮዎች መካከል ግን በፋይበር አብሮ መጫወት ይቻላል። በሞባይል ኢንተርኔት ብዙ ደንበኞች አንድ የአይፒ አድራሻ ስለሚጋሩ ፖርት መክፈት አይቻልም፤ መፍትሔው ሃብ መጠቀም ነው።

ለአልበም የሚሆን ቀረጻ ሲሠራ በመስመር የመጣው ድምፅ ለመስሚያ ብቻ ያገለግላል። እያንዳንዱ ተጫዋች ራሱ ኮምፒውተር ላይ በ24 ቢት ይቀርጻል፤ በኋላም ያልተጨመቀውን የዌቭ ፋይል ይልካል። ቴሌግራም ላይ ሲላክ እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል መያያዝ አለበት፤ አለዚያ ተጨምቆ ይደርሳል። ፋይሎቹን ለማስተካከል ቀረጻው ሲጀመርና ሲያልቅ ሁሉም አንዴ ያጨብጭቡ። መጀመሪያው ብቻ ከተገጠመ ከላይ በተጠቀሰው የክሪስታል ልዩነት የአንድ ሰዓት ቀረጻ መጨረሻው ላይ በ180 ሚሊሰከንድ ይዛነፋል፤ የመጨረሻው ጭብጨባ ትራኩ ስንት እንደሚሳብ ወይም እንደሚያጥር ይነግራል።