ብሩታሊስት ቤተ ክርስቲያን ምንድን ነው?

ስሙ ያሳስታል። "ብሩታል" ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ጭካኔ ነው። ቃሉ የመጣው ግን "ቤቶን ብሩት" ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው፤ ጥሬ ኮንክሪት ማለት ነው። ሳይለሰን፣ ቀለም ሳይቀባ፣ እንደተሞላ የቀረ አርማታ። ይህ የሕንጻ ስልት የገነነው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ነው። አውሮፓ ውስጥ ብዙ የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት በዚሁ መንገድ ተሠርተዋል።

ከሩቅ ሲያዩት ምሽግ ይመስላል። "ይሄ ደግሞ ምኑ ቤተ ክርስቲያን ነው?" የሚል ሰው ብዙ ነው፤ አልፈርድበትም። እስቲ ግን ወደ ግድግዳው ጠጋ በሉ። ኮንክሪቱ ሲሞላ ደግፎ የያዘው ጣውላ መልኩን ትቶበት ሄዷል። የእንጨቱ ጅማት ይታያል። የጉጡ ክብ ይታያል። ሁለት ጣውላ የተጋጠመበት መስመር እንኳ አልጠፋም። ልስን ቢኖር ኖሮ ይሄ ሁሉ የአናጺ ልፋት ተሸፍኖ ይቀር ነበር።

ጌጥ ሲቀር ቦታውን የሚይዘው ብርሃን ነው። ፈረንሳይ፣ ሊዮን አጠገብ "ለ ኮርቡዚዬ" የሚባለው አርክቴክት የሠራው፣ በ1960 የተጠናቀቀው የላ ቱሬት ገዳም ለዚህ ምስክር ነው። በጎን ባለው ጸሎት ቤት ጣሪያው ላይ "የብርሃን መድፍ" የሚባሉ ሰፋፊ ክብ ቀዳዳዎች አሉ። ሰማዩ በእነሱ በኩል ቁልቁል ይወርዳል።

ለእኔ የሁሉም አውራ ግን ጀርመን፣ ኔቪገስ ያለው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ነው። የነደፈው ጎትፍሪድ ቦም ነው፤ የተባረከው በ1968። ጣሪያው የተጣጠፈ ተራራ ይመስላል። የኮሎኙ ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ፍሪንግስ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር የሕንጻውን ሞዴል በጣታቸው ዳስሰው ወደዱት ይባላል። ተሳላሚው የመጣበት የመንገድ ንጣፍ በሩን አልፎ ውስጥ ድረስ ይዘልቃል። የመንገድ መብራት የሚመስሉ ፋኖሶችም እዚያው ቆመዋል። ሰው አደባባይ የደረሰ ይመስለዋል። ቀና ሲል ግን ጣሪያው ጨለማ ውስጥ ገብቶ ይጠፋበታል።

ድምፁም ሌላ ነገር ነው። ኮንክሪት ድምፅ አይውጥም፣ መልሶ ይሰጣል። አንድ ሰው ወንበር ቢጎትት ቤቱ በሙሉ ይሰማዋል። ስለዚህ ማንም "ዝም በሉ" ሳይል ሰዉ በሹክሹክታ ያወራል፣ እርምጃውንም ያለዝባል። ያኔ ነው ኔቪገስ ውስጥ ጽጌረዳ ከተሳለበት መስኮት የሚገባው ቀይ ብርሃን ግራጫው ግድግዳ ላይ ቀስ እያለ ሲሄድ የሚታየው።