ስፕሪንት ሞመንተም ምንድን ነው?

እኛ ሯጭ ሲባል ቶሎ የሚታየን ቀጭን፣ እግረ ረጅም ሰው ነው። ኳስ በእጅ ይዘው እየተላተሙ በሚሮጡበት ራግቢ ሊግ ላይ ግን አንገቱ ከትከሻው የማይለይ ባለ 110 ኪሎ ሰውዬ ኳሱን ብብቱ ስር ሸጉጦ ሲንደረደር ታያለህ። ፈጣን ነው አትለውም፤ ፊቱ ግን መቆም አትፈልግም። የአውስትራሊያውን ሊግ የምትከታተል ከሆነ ጄሰን ታውማሎሎን አስብ።

ስፕሪንት ሞመንተም የሚባለው ይኸው ነው፤ ክብደት ሲባዛ በሩጫ ፍጥነት (የፊዚክስ አስተማሪዬ ይቅር ይበሉኝ፣ መጠነ ቁስ ማለት ነበረብኝ)። በሴኮንድ 9 ሜትር የሚሮጥ የ90 ኪሎ ዊንገር (የዳር ተጫዋች) 810 ያመጣል። በሴኮንድ 8 ሜትር የሚሮጥ የ110 ኪሎ ፕሮፕ (መሃል ላይ የሚጋፋው ግዙፉ ተጫዋች) ደግሞ 880። ለማቆም የሚከብደው ቀርፋፋው ነው ማለት ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን ይህን ፍጥነት በስንት ሜትር ውስጥ አመጣው የሚለው ነው። በራግቢ ሊግ ኳስ የያዘው ተይዞ ከወደቀ በኋላ ተነስቶ ኳሱን በእግሩ ወደ ኋላ ይሰዳል፣ ተከላካዮቹም እስከዚያ 10 ሜትር ማፈግፈግ አለባቸው፤ ከዚያ ሁለቱም ወገን ወደፊት ይሮጥና መሃል ላይ ይላተማል። ዩሴን ቦልት በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትሩን በ9.58 ሲገባ ከፍተኛ ፍጥነቱ ላይ የደረሰው ከ60 ሜትር በኋላ ነው። ፕሮፑ 60 ሜትር ባዶ ሜዳ የሚያገኘው በሕልሙ ነው! ስለዚህ አሰልጣኞች የመጀመሪያዋን 10 ሜትር ለብቻዋ ይለካሉ።

«ታዲያ መብላት ነዋ!» የሚል አይጠፋም። እስቲ እናስላው። 100 ኪሎ በ8 ሜትር 800 ነው። ሰውዬው 5 ኪሎ ጨመረና ፍጥነቱ ወደ 7.6 ወረደ እንበል፤ 798። ያን ሁሉ በልቶ ከነበረበትም ዝቅ አለ፣ ትርፉን ደግሞ 80 ደቂቃ ሙሉ ተሸክሞ ሊሮጥ ነው። የተጨመረው ጡንቻ ከሆነ ነገሩ ይለያል፣ ምክንያቱም ጡንቻ መሬቱን ይገፋል፤ ስብ ግን ተሸካሚ እንጂ ገፊ አይደለም። ለዚህ ነው ተጫዋቹ ብረት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ሲሠራ ስንት ኪሎ አነሳ ብቻ ሳይሆን ከራሱ ክብደት አንጻር ስንት አነሳ የሚባለው።

ዳር ላይ ለሚጫወተው ዊንገር ይህ ሁሉ ብዙም አያስጨንቀውም። እንደ አውስትራሊያዊው ፈጣን ዊንገር ጆሽ አዶ ካር ያለው ሰው ክፍት ሜዳ ካገኘ ስለ ሞመንተም ብትጠይቀው መጀመሪያ ይያዙኛ ነው የሚልህ።